«ሲሠራ ይፍታታል» ሲሏችሁ

ጠጋ በሉኝ። የቮልሳችሁ ሞተር ወርዶ፣ ተበታትኖ፣ ፋሻውና ብሮንዚናው ተቀይሮ፣ ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ «ነገ መጥታችሁ ውሰዱ» ተባላችሁ እንበል። ነገ ስትደውሉ «ትንሽ ይቀረዋል» ካሏችሁ፣ የቀረው ነገር ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ሞተሩ አልዞር ብሎ ሊሆን ይችላል። ቁልፉ ሲጠመዘዝ ሞተሪኖው አንዴ «ጠቅ» ይልና ዝም፤ የዳሽቦርዱ መብራት ይደበዝዛል፤ ሌላ ምንም የለም። በር ላይ ስትደርሱ የሚጠብቃችሁ መልስ ደግሞ በየጋራዡ አንድ ነው፦ «አዲስ ስለሆነ ጠብቆ ነው፤ ሲሠራ ይፍታታል።»

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሞተር በሚወርድበትና በሚወጣበት ግቢ ውስጥ ነው። ይህ አነጋገር መቼ እንደሚባልና ከተባለ በኋላ ማታ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ እሱን ነው፤ ምክንያቱም በዚህች አንዲት አባባል የተነሳ ሊድን ሲችል የሞተ ብዙ ሞተር አይቻለሁ፤ አሁንም ያንገበግበኛል።

አባባሉ የሚታመነው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። አዲስ ፋሻ ከአዲስ ካሚቻ ጋር እስኪላመድ ድረስ ሞተሩ ከበድ ይላል። ከበደ ማለትና አልዞርም አለ ማለት ግን ለየቅል ናቸው። ልዩነቱን ራሳችሁ በእጃችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። አራቱንም ካንዴላ አስወጡ። ማርሹ ፎሌ ላይ መሆኑን እዩ። የዲናሞውን ቺንጋ አስፈቱ፤ በቮልስ ላይ ቬንቲላተሩ ከዲናሞው ጋር አብሮ ስለሚዞር ከቆርቆሮው ጋር እየተፋተገ የሚያታልልበት ጊዜ አለ። ከዚያ በክራንክ ሻፍቱ ፑሊ ቡሎን ላይ 30 ቁልፍ አስገብታችሁ በአንድ እጅ አዙሩ። ካንዴላ ከሌለ የሚታመቅ አየር የለም፤ የሚይዛችሁ የፋሻውና የብሮንዚናው ክብደት ብቻ ነው። ሁለት ሙሉ ዙር ያለማቋረጥ፣ ከዳር እስከ ዳር በእኩል ክብደት ከዞረ፣ አዎ፣ አዲስ ስለሆነ ነው የከበደው። በያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከያዘ የሆነ ነገር እየነካ ነው። ጨርሶ ካልተነቃነቀ ደግሞ ታስሯል። የታሰረ ሞተር እየሠራ አይፍታታም፤ ታስሮ ምን ሊሠራ?

ካንዴላዎቹን ስታስወጡ ሌላም ነገር ተመልከቱ። ከአንዱ ቀዳዳ ቤንዚን ወይም ዘይት ከወጣ ሞተሩን ይዞት የነበረው ያ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሽ አይታመቅም። ካርቡሬተሩ ሲያድር የሚያፈስ ከሆነ ይህ ይገጥማል። ፈሳሹ ከወጣ በኋላ ሞተሩ በእጅ ከዞረ ተገላገላችሁ፤ የቀረው ካርቡሬተሩን ማሠራት ነው።

አሁን ወደ ማታው ልውሰዳችሁ።

ባለቤቱ ሲሄድ መጀመሪያ የሚመጣው ቱቦ ነው። ረዘም ያለ የውኃ ቱቦ ከቁልፉ እጀታ ላይ ይሰካና ሁለት ሰው ይንጠለጠልበታል። እሱ እንቢ ካለ ገመድ ይመጣል። መኪናዋ ከፒክአፕ ኋላ ትታሰርና ሦስተኛ ማርሽ ውስጥ ገብታ ትጎተታለች። የኋላ ጎማዎቹ አስፋልቱ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ፍሪሲዮኑ ይሸታል፤ ከዚያ ድንገት አንድ ነገር «ቀጭ» ይልና ሞተሩ ይዞራል። ሁሉም ያጨበጭባል። አንዳንዴም እዚያው ይነሳል። ጠዋት ስትመጡ ሞተሩ እየሠራ ታገኙታላችሁ፤ «አላልናችሁም?» ትባላላችሁ፤ ሒሳብ ከፍላችሁ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ያ «ቀጭ» ያለው ነገር ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ ግን የለም። እሱን ለመረዳት የቮልስ ሞተር እንዴት እንደሚዘጋ ማየት ያስፈልጋል።

የሌላ መኪና ሞኖብሎክ አንድ ወጥ ነው፤ ክራንክ ሻፍቱ ከታች ይገባና በየብሮንዚናው ላይ ኮፍያ ይታሰርበታል። አንዱ ኮፍያ ከጠበቀ እሱን ብቻ አላልቶ ማየት ይቻላል። የቮልስ ግን ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠሩ ሁለት ግማሾች ናቸው፤ ክራንክ ሻፍቱንና ካም ሻፍቱን መሐል አድርገው እንደ መጽሐፍ ይከደናሉ። ከተከደነ በኋላ ውስጡን የሚያይ ዓይን የለም። ክራንክ ሻፍቱ የሚያርፈው በአራት ብሮንዚና ላይ ነው። ሁለተኛው ብቻ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ ሙሉ ቀለበት ናቸው። እያንዳንዱ ብሮንዚና በመቀመጫው ላይ እንዳይሽከረከር ከሞኖብሎኩ ብቅ ያለች ትንሽ የብረት ፒን አለች፤ ፒኗ በብሮንዚናው ጀርባ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። ብሮንዚናው በትክክል ሲቀመጥ የዘይት ቀዳዳውም ከሞኖብሎኩ የዘይት መንገድ ጋር ይገጥማል። እንግዲህ ፒኗ ሁለት ሥራ አላት፤ ብሮንዚናውን ትይዛለች፣ ዘይት መግቢያውንም ትጠብቃለች።

አሁን ክራንክ ሻፍቱ ሲወርድ አስቡት። ከባድ ነው፤ ቢዬላዎቹ ተንጠልጥለውበታል፤ ቀለበቶቹ ብሮንዚናዎች በላዩ ላይ ልቅ ሆነው ይሽከረከራሉ። ሠራተኛው ሁለት ቢዬላ ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ግማሹ ያወርደዋል፤ የሦስቱም ብሮንዚና ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ፒን ፒኑ ላይ መግባት አለበት። አንዱ ትንሽ ከዞረ ከፒኑ ጎን ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ከላይ ሲታይ ምንም አይመስልም፤ ከፍታው ከወረቀት ብዙም የማይበልጥበት ጊዜ አለ። ማጣበቂያው ተቀብቶ ሌላው ግማሽ ሲከደንና ዳዶው ሲጠብቅ ግን ፒኗ የብሮንዚናውን ጀርባ እየወጋች ትገባለች፤ ብሮንዚናው ወደ ውስጥ ይጎብጥና ክራንክ ሻፍቱን አንቆ ይይዘዋል። ሞተሩ ታሰረ የሚባለው በዚህች ደቂቃ ነው።

ቱቦውና ፒክአፑ የሚያደርጉት ይህን የታነቀ ብሮንዚና በጉልበት ማሽከርከር ነው። የላይኛው ለስላሳ ብረት ይላጣል፤ ብሮንዚናው ከመቀመጫው ይነቀላል፤ የዘይቱ ቀዳዳ ይዞርና ይዘጋል። ሞተሩ ዞሯል፣ ነገር ግን አንዱ ብሮንዚና ዘይት አያገኝም። ሳምንታት ያልፋሉ፤ ዳገት ላይ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ዘይቱ ነው፣ ቤንዚኑ ነው፣ አነዳዳችሁ ነው። ብሮንዚና ተቀይሮ ሊያልቅ የሚችል ሥራ ክራንክ ሻፍትና ሞኖብሎክ ይበላል።

ደህና ባለሙያ ይህን እንዴት እንደሚያመልጥ ልንገራችሁ፤ ጥበቡ ርካሽ ነው። ክራንክ ሻፍቱ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ብሮንዚና ባዶውን መቀመጫው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ፒኗ መግባቷን በጣቱ ያረጋግጣል። ከዚያ በሹል ነገር የሞኖብሎኩን ጠርዝ ተከትሎ ብሮንዚናው ላይ ቀጭን መስመር ያሰምርበታል። ብሮንዚናዎቹ ወደ ክራንክ ሻፍቱ ከተመለሱ በኋላ ሲወርድ መስመሩ ከጠርዙ ጋር ከገጠመ ፒኗም ቀዳዳዋን አግኝታለች ማለት ነው። ከተቀመጠ በኋላም በአውራ ጣቱ እያንዳንዱን ብሮንዚና ገፋ ገፋ ያደርጋል፤ ንቅንቅ ካለ ያነሳዋል። ይህ ሁሉ ቡና እስኪፈላ ይጠናቀቃል። በዚህ መንገድ የሚሠሩ አሮጌ አባቶች አሁንም አሉ፤ እጃቸው ይባረክ። አንዱን ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ሁለተኛው ልማዳቸው ከዚህም ይበልጣል። በያንዳንዱ ደረጃ በእጃቸው ያዞራሉ። ቢዬላ አንድ በታሰረ ቁጥር ያዞራሉ። ግማሾቹ ተከድነው ትልልቆቹ ዳዶዎች ጠበቅ ሲሉ ያዞራሉ፤ ሁሉም በልኩ ከጠበቀ በኋላ ደግመው ያዞራሉ። ቮላኖ ሲገባ ያዞራሉ። ታዲያ ሞተሩ ድንገት ቢከብድ ጥፋቱ አሁን በነካኸው ነገር ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ አትፈልግም። ሁሉንም ገጥሞ፣ ቴስታታውን አስሮ፣ ቆርቆሮውን አልብሶ፣ መኪናው ላይ ሰቅሎ በሞተሪኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዞር ሰው ግን ጥፋቱን በየትኛው ሰዓት እንደሠራው አያውቅም። ስለማያውቅ ነው ወደ ጉልበት የሚሄደው። እኔ ክፋት ብዬ አልጠራውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሀፍረት ነው። «ሙሉ ሞተር መልሼ ልፍታ» ብሎ ለባለቤቱ መናገር ያንቃል።

ስለ ብሮንዚና ልክም ዝም የሚባል ነገር አለ። የቮልስ ብሮንዚና ሲገዛ የሚጠየቀው ልክ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ክራንክ ሻፍቱ ቶርኖ ቤት ገብቶ ከተላገ በ0.25፣ በ0.50 ወይም በ0.75 ሚሊ ሜትር ይቀጥናል፤ የብሮንዚናው የውስጥ ልክ ከዚያ ጋር መሄድ አለበት። ሞኖብሎኩም ከተላገ የውጭ ልኩ መስፋት አለበት። ሶማሌ ተራ ሄዶ «የቮልስ ብሮንዚና፣ 0.50» ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ተላላኪ የትኛውን 0.50 እንደሚያመጣ ዕድል ነው። ያልተላገ ሞኖብሎክ ውስጥ የውጭ ልኩ የሰፋ ብሮንዚና ከገባ ግማሾቹ በደንብ አይገጥሙም፤ በዳዶ ኃይል ሲገጥሙ ደግሞ ሁሉም ነገር ይታሰራል። ያልተላገ ክራንክ ሻፍት ላይ ጠባብ ብሮንዚና ከገባም ያው ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ፤ ካርቶን ይለዋወጣል። በብሮንዚናው ጀርባ የታተመውን ቁጥር አስነብቡ፤ ክራንክ ሻፍቱም ፊታችሁ በማይክሮ ሜትር ይለካ።

ሞተሩ ወለል ላይ እያለ በሰላም ሲዞር ቆይቶ ቮላኖው ከጠበቀ በኋላ ከታሰረ ጉዳዩ የሮንዴላ ነው። ከቮላኖው ኋላ ሦስት ቀጫጭን ሮንዴላዎች አሉ፤ ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚኖረውን ክፍተት የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ክፍተቱ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ውፍረታቸው የተለያየ ስለሆነ እየለኩ መምረጥ ያስፈልጋል። ከአሮጌው ሞተር የወጡትን ሦስቱን እንዳሉ አንስቶ መመለስ የተለመደ ነው፤ አዲሱ ብሮንዚና ግን የአሮጌውን ያህል አልተበላም፤ ክፍተቱ ይጠፋል። የቮላኖው ዳዶ የሚጠብቀው በ35 ኪሎ ግራም ሜትር አካባቢ ነው፤ በዚህ ኃይል ሲጠብቅ ክፍተት ያጣ ክራንክ ሻፍት ንቅንቅ አይልም። መፍትሔው ቮላኖውን ፈትቶ ሮንዴላ መቀየር ብቻ ነው። ሞኖብሎኩን መክፈት አያስፈልግም። አንዳንዶች ይህን ስለማያውቁ ሙሉውን ሞተር ፈትተው ያንኑ ሮንዴላ መልሰው ይገጥማሉ።

ሞተሩ ወለል ላይ ቮላኖውንም ይዞ ዞሮ፣ ከካምቢዮ ጋር ሲታሰር ብቻ የሚታሰርስ? እዚህ ላይ የቮልስ ታሪክ ራሱ ይገባበታል። የድሮዎቹ በ6 ቮልት ነበር የሚሠሩት፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ወደ 12 ቮልት ተዛወሩ። ሲዛወሩ ቮላኖውም ተለወጠ፤ የ6 ቮልቱ 109 ጥርስ ነበረው፣ የ12ቱ 130 ጥርስና ሰፋ ያለ ነው። የድሮ ካምቢዮ ላይ ያለው ቤት ለትንሹ ቮላኖ ነው የተሠራው። አዲስ አበባ ላይ ካሉት ቮልሶች ሞተሩም ካምቢዮውም ከአንድ መኪና የሆነውን መፈለግ ድካም ነው፤ ከሦስት መኪና የተሰበሰበ ይበዛል። ሰፊው ቮላኖ በጠባቡ ቤት ውስጥ ሲገባ ጥርሱ ግድግዳውን ይነክሳል። ሞተሩን መልሳችሁ ስታወርዱ የካምቢዮው ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ጭረት ካያችሁ ምክንያቱን አገኛችሁ፤ ሞኖብሎኩ ንጹሕ ነው። የፍሪሲዮኑ ቡሎኖችም ከልካቸው የረዘሙ ከሆኑ በቮላኖው አልፈው ሞኖብሎኩን ሊነኩ ይችላሉ፤ የጠፋ ቡሎን ካገኙት በሚተካበት ቦታ ይህ ይከሰታል።

ሞተሩ በእጅ እየዞረ በሞተሪኖ ብቻ እንቢ የሚልም አለ፤ ይህ ከሁሉ ቀላሉ ሲሆን ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚበዘበዝበትም እሱ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ ነው የተቀመጡት፤ ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ማሳው የሚመለሰው ካምቢዮውን ከሻሲው ጋር በሚያገናኝ አንድ የተጠለፈ ሽቦ ነው። ሞተር ሲወርድ «አብሮ ይጽዳ» ተብሎ ሁሉም ነገር ቀለም ይቀባል፤ የሽቦው ጫፍ ቀለም ላይ ይታሰራል። ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። በቴስተር አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞኖብሎኩ ላይ አድርጋችሁ ቁልፉን አስጠምዝዙ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ነው። ቴስተር ከሌለ የባትሪ መዋሻ ገመድ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞኖብሎኩ ቀጥታ አገናኙ። ሞተሩ ከዞረ ቀለሙን ፍቆ ሽቦውን ማሰር ነው የቀረው።

ሌላው የሞተሪኖ ቡሽ ነው። የቮልስ ሞተሪኖ ጫፉ የሚያርፈው በራሱ ሽፋን ውስጥ አይደለም፤ ካምቢዮው ላይ ባለች ትንሽ የነሐስ ቡሽ ውስጥ ነው። እሷ ስትበላ ሞተሪኖው ያጋድላል፣ ከራሱ ጋር ይፋተጋል፣ ኃይል ያጣል። ሞተሪኖ ትገዛላችሁ፤ ያው ነው። ሁለተኛ ትገዛላችሁ፤ ያው ነው። ጥፋቱ ተፈትቶ በወጣው ዕቃ ላይ ሳይሆን በቀዳዳው ውስጥ ቀርቷል። ሞተር በወረደ ቁጥር ይህችን ቡሽ አስቀይሩ፤ ዋጋዋ ከሌላው ሁሉ አንጻር ከቁጥር አይገባም።

ቮልስን ለምን ይህን ያህል ታከብዳለህ የሚለኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ የመጨረሻዋ ስትወጣ በዓለም ላይ 21,529,464 ተሠርተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንድም አልተጨመረም። እኛ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያለው ሞኖብሎክ ያለን ነው፤ በፒክአፕ ገመድ የሚሰበር ከሆነ አንድ ጎደለ ማለት ነው። ይህን ሞተር የምወደው ደግሞ በመፈታቱ ነው፤ ደህና እጅ ካገኘ ሁልጊዜ ይመለሳል።

እንግዲህ ሞተራችሁን ልታሠሩ ከሆነ ውል ስትነጋገሩ ስለ ዋጋው ብቻ አትጨቃጨቁ። «ሞኖብሎኩ የሚዘጋ ቀን ጥሩኝ» በሉ። ደህናው ባለሙያ ደስ ይለዋል፤ ወንበር ያቀርብላችኋል። «ምን ትሠራለህ እዚህ ቆመህ» የሚላችሁን ከአሁኑ ተሰናበቱት። ከመጣችሁ በኋላ ብዙ አትናገሩ፤ መስመሩን ሲያሰምር፣ በጣቱ ሲገፋ፣ ዳዶ አጥብቆ ሲያዞር ብቻ እዩ።

ሞተሩ ቀድሞ ተዘግቶ አልዞር ካለ ደግሞ ሁለት ነገር አትፍቀዱ፤ ቱቦና ገመድ። ከዚያ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ ማሳው፣ ካንዴላው፣ ቺንጋው፤ ከዚያ ሞተሩ ይውረድና ከካምቢዮ ተለይቶ ይዙር፤ ከዚያ ቮላኖው ይፈታና ይዙር። እዚህ ድረስ ሞኖብሎኩ አልተነካም። አሁንም ካልዞረ ብቻ ይከፈት፤ ሲከፈትም እዚያው ሁኑ።

የመጨረሻው ሹክሹክታዬ ስለ ገንዘብ ነው። ሞኖብሎኩ ሲከፈት ጋራዡ ቶርኖ ቤቱን ይከሳል፣ ቶርኖ ቤቱ ዕቃ ሻጩን ይከሳል፣ ሻጩ «እኔ የተጠየቅኩትን ነው የሸጥኩት» ይላል፤ መካከል ላይ እናንተ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ብሮንዚናዎቹ ከክራንክ ሻፍቱ ሲወርዱ ቆሻሻ ውስጥ ከመጣላቸው በፊት ተቀበሉ። ጀርባው ላይ፣ ከቀዳዳው ጎን፣ የፒን ጫፍ የሚያህል የተወጋ ቦታ ካለ ጥፋቱ የገጠመው ሰው ነው፤ ቶርኖ ቤቱ ንጹሕ ነው። ጀርባው ደህና ሆኖ ውስጡ ዙሪያውን በእኩል የተላጠ ከሆነ የልክ ጉዳይ ነው፤ ያን ጊዜ ከጀርባው ያለውን ቁጥር ክራንክ ሻፍቱ እንዲላግ ከታዘዘበት ልክ ጋር አስተያዩ። ቁጥሩ ከልኩ ጋር ከተስማማ የተሳሳተው የላገው ነው፤ ካልተስማማ የገዛው ወይም የሸጠው። ብሮንዚናውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ወደ ድርድሩ ግቡ።